የሁለተኛይቱ ልጅ ስም
በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የሴት ልጅ አሰያየምና የዘር ቈጠራ

በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚኖረው ሕዝብ እንደ አውሮፓ ሕዝቦች ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የቤተ ሰብ ስም የለውም። የልጁ ስም ይጠራል፣ የአባቱ ስም ይከተላል፣ ሲያስፈልግም የአያቱ ይጨመራል። ሴት ልጅ ባል ብታገባም በአባቷ ስም እንደ ተጠራች ትኖራለች እንጂ የባሏን ስም አትወርስም። ይህ አጠራር ግልጽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን በሰንሰለቱ ውስጥ እናት የለችም። የእናት ስም፣ የሴት አያት ስም፣ ርስት ያወረሰች የቅድመ አያት ስም በልጁ መጠሪያ ውስጥ ቦታ አያገኝም።

በዚያው አገር ግን ርስት በአባትም በእናትም ይቈጠር ነበር። ስለዚህ ዘሩ በሁለት ወገን ሲሄድ ስሙ በአንድ ወገን ብቻ ይሄዳል። በስሙና በዘሩ መካከል ያለው ይህ ክፍተት በምን ይሞላ እንደ ነበር መመርመር ለአገሩ ታሪክ የሚጠቅም ነው። ለዚህም ምርመራ በጎ ምሳሌ የሚሆነው ተፈሪ መኰንን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከወይዘሮ መነን አስፋው ለወለዷቸው ለሁለተኛይቱ ሴት ልጅ የወጣው ስም ነው። ስሙ ዘነበወርቅ ይባላል፤ ምንጩም ከመንዝ አጠገብ ካለችው ከሰላ ድንጋይ ይመዘዛል።

፩. አገሩና ርስቱ

መንዝ ከፍ ያለ ብርዳም ደጋ ነው። ሕዝቡ ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል፤ ከበጉም ጠጉር ባና ሠርቶ ከብርዱ ይከላከላል። አገሩ ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። የአገሩ ሽማግሎች ሲያወሩ ማማ፣ ላሎና ጌራ አገሩን ያቀኑ ሦስት አባቶች ናቸው ይላሉ። ከመንዝ በስተሰሜን ግሼ ወደ ወሎ ድንበር ይዘልቃል። በስተምዕራብ ደግሞ መርሐቤቴ በወንጪትና በጀማ ወንዞች ሸለቆ ተከብቦ ከመንዝ ዝቅ ብሎ ይገኛል። እነዚህ አገሮች በአየር ጠባይና በአዝመራ ቢለያዩም በርስትና በዘር ቈጠራ ሥርዓት አንድ ነበሩ።

ርስት ማለት ሰው ከአቅኚው አባት በመወለዱ ብቻ የሚያገኘው የመሬት ድርሻ ነው። መብቱን የሚጠይቀው ሰው ከአቅኚው አባት እስከ ራሱ ድረስ ያለውን ትውልድ በሽማግሎችና በዳኛ ፊት ቈጥሮ ማስረዳት ነበረበት። የትውልዱ ሐረግ በወንዶች ብቻ እንዲሄድ ግድ አልነበረም። ከአምስት ወይም ከስድስት ትውልድ በፊት የነበረች አንዲት ሴት ልጅ ከወንድሞቿ እኩል ባለ መብት ስለ ሆነች፣ ከእርስዋ የተወለደ ሁሉ በእርስዋ ስም ድርሻውን ሊጠይቅ ይችል ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው በአባቱ በኩል በአንድ ስፍራ፣ በእናቱ በኩል በሌላ ስፍራ፣ በሴት አያቱ በኩል ደግሞ በሦስተኛ ስፍራ ርስት ሊኖረው ይችላል። ሙግትም የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነበር። የቅድመ አያቱን ስም የዘነጋ ሰው መሬቱን እንደ ሳተ ይቈጠራል።

ከርስት ሌላ ጋብቻም ይህንኑ ዕውቀት ይጠይቃል። ዘመዳሞች እስከ ሰባት ቤት ድረስ እንዳይጋቡ ስለሚከለከል፣ ልጅ ሲታጭ የሁለቱም ወገን ሽማግሎች በአባትም በእናትም በኩል ትውልድ ይቈጥራሉ። በዚህም ቈጠራ ውስጥ ሴቶች እንደ ወንዶች ሁሉ በስማቸው ይነሣሉ። በሰላምታና በጽሕፈት የማይታየው የእናት ወገን በሙግትና በእጮኝነት ጊዜ በቃል ይወጣል ማለት ነው።

፪. የክርስትና ስምና የዓለም ስም

በእነዚህ አገሮች ሰው ሁሉ ሁለት ስም አለው። አንደኛው የክርስትና ስም ሲሆን፣ ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ ከካህኑ ትቀበለዋለች። የቀኑ ልዩነት በኦሪት ዘሌዋውያንና በመጽሐፈ ኩፋሌ ከተጻፈው የመንጻት ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ስም በቤተ ክርስቲያን ለጸሎት፣ ለቍርባን፣ ሲሞቱም ለፍትሐትና ለተዝካር ያገለግላል፤ በገበያና በሸንጎ ግን አይጠራም። ቋንቋውም ግእዝ ነው።

የሴቶች የክርስትና ስም ብዙ ጊዜ በወለተ፣ በአመተ ወይም በሌላ የግእዝ ቃል ይጀምርና የጻድቅ፣ የመልአክ ወይም የእመቤታችን ስም ይከተለዋል። እቴጌ ጠይቱ ወለተ ሚካኤል፣ እቴጌ መነን ወለተ ጊዮርጊስ፣ ንግሥት ዘውዲቱ አስካለ ማርያም ይባሉ ነበር። ወለተ ማለት ልጅ ማለት ነው። እንግዲህ ሴት ልጅ በዓለም ስሟ የአባቷ ልጅ ስትሆን በክርስትና ስሟ የጠባቂዋ ቅዱስ ልጅ ትሆናለች። በሁለቱም ላይ የእናቷ ዘር አይገለጥም።

ሁለተኛው የዓለም ስም ነው። ይህን ስም አባት ወይም እናት፣ ብዙ ጊዜም አያቶች ያወጡታል። የሚወጣውም በልደቱ ጊዜ ከሆነው ነገር፣ ከወላጆች ደስታ ወይም ሐዘን፣ ከቤቱ ኑሮ ወይም ከአገሩ ወሬ ተነሥቶ ነው። ከግእዝ ይልቅ በሕዝቡ አፍ ላይ ያለ አማርኛ ነው፤ አብዛኛውም ባጭሩ የተነገረ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው።

፫. ስም እንደ ንግግር

የዓለም ስም ዐረፍተ ነገር ከሆነ ተናጋሪውና ሰሚው ማን እንደ ሆነ መለየት ይቻላል። የዐፄ ምኒልክ እናት ስም እጅጋየሁ ነው፤ እጅግ አየሁ የሚለው ሰው ወላጁ እንጂ ልጂቱ አይደለችም። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ባለቤት ስም በዛብሽ ነው፤ በዚህ ስም ተናጋሪው ልጂቱን ፊት ለፊት ያነጋግራታል። ዓለምነሽ፣ ሙሉነሽ፣ በላይነሽ የሚሉትም ስሞች እንዲሁ ናቸው። በሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ተናጋሪው የሆነውን ነገር እንደ ወሬ ነጋሪ ያወራል። የዐፄ ምኒልክ ልጅ፣ የልጅ ኢያሱ እናት፣ ሸዋረጋ ተብለዋል። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው የአባታቸውን አገር መልሰው መያዛቸውን ለሚያውቅ ሰው፣ ሸዋ ረጋ ማለት ከአንዲት ሕፃን ስም በላይ ይናገራል። ሌላይቱም ልጃቸው ዘውዲቱ መባላቸው በአባት ልብ የነበረውን ምኞት ያሳያል።

ለሁለተኛ ልጅ የሚወጣው ስምም ከዚህ ልማድ አይርቅም። በተራው ሕዝብ ዘንድ ሁለተኛ ሆና የመጣችው ልጅ በቤቱ ላይ የተጨመረች በረከት መሆኗ ይነገርላታል። ታከለች የሚለው ስም በፊተኛይቱ ላይ መጨመሯን ይገልጣል። ድርብወርቅ የሚለው ደግሞ ወርቁ እጥፍ መሆኑን ይናገራል። የፊተኛው ልጅ ሞቶ ከሆነ ግን ንግግሩ ይለወጣል፤ ምትኬ ወይም ካሳዬ ይባላል። እነዚህ ስሞች የሁለተኛውን ልጅ መምጣት ከፊተኛው ልጅ ዕድል ጋር ያያይዛሉ፤ የቤቱን ታሪክም ለሚያውቅ ሰው ሁለቱን ስሞች አንድ ላይ መስማት ያንን ቤት እንደ መጐብኘት ነው።

በግሪኮች ዘንድ የፊተኛይቱ ሴት ልጅ ብዙ ጊዜ በአባቷ እናት ስም፣ ሁለተኛይቱ በእናቷ እናት ስም ትጠራለች። በሸዋ ደጋ እንዲህ ያለ የተወሰነ ሥርዓት የለም። የዓለም ስም የዕለቱ ንግግር ስለ ሆነ ከቀድሞ ሰው መዋሱ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ የቀድሞ ሰዎች ስም በተከታታይ ሲደገም ቢታይ ድግግሞሹ አንዳች ምክንያት እንዳለው መጠርጠር ይገባል።

፬. የሰላ ድንጋይዋ እመቤት

የሸዋ ነገሥታት ቤት መነሻው መንዝ ነው። ነጋሢ ክርስቶስ ከመንዝ ከአጋንቻ ተነሥተው ግዛታቸውን ካሰፉ በኋላ፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ቀስ በቀስ ወደ ይፋትና ወደ ደቡብ ወረዱ። ከእነርሱም መካከል አምኃ ኢየሱስ፣ ልጃቸው አስፋ ወሰን፣ የአስፋ ወሰን ልጅ ወሰን ሰገድ፣ የወሰን ሰገድም ልጅ ሣህለ ሥላሴ በተራ ገዝተዋል። ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 በሸዋ ላይ ነገሡ።

የሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ይባሉ ነበር። ከመንዝ በስተደቡብ አጠገብ በምትገኘው በሰላ ድንጋይ ተቀምጠው ሰፊ አገር ያስተዳድሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በሸዋ የቈየው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ስለ እኒህ እመቤት ሥልጣን በመጽሐፉ ጽፏል። ሚስዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍም እ.ኤ.አ. በ1842 ከአንኮበር ወደ ሰሜን ሲጓዝ በሰላ ድንጋይ አልፏል፣ ስለ ንጉሡም እናት በዕለት መዝገቡ አስፍሯል። ንጉሡ በአንኮበርና በአንጎለላ ሲቀመጡ እናታቸው የመንዝን በር ይዘው ይኖሩ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ስም አንድ የቋንቋ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የዚያ ዘመን እንግዶች የእመቤቲቱን ስም በላቲን ፊደል ሲጽፉ ዘነማ ወርቅ የሚል ድምፅ ሰጥተውታል። ይህ የመስማት ስሕተት አይመስልም። ዝናም፣ ዘንመ በግእዝ በመ የሚነገር ቃል ነው፤ በአማርኛም ዝናብ ከሚለው ጐን ዝናም የሚለው እስከ ዛሬ ይጻፋል። የስሙ የቀድሞ አጠራር ዘነመወርቅ ነበር፣ በኋላ በሕዝቡ አነጋገር ዘነበወርቅ ሆነ ቢባል ከቋንቋው ጠባይ ጋር ይስማማል። ትርጓሜው በሁለቱም አንድ ነው፤ ወርቅ እንደ ዝናም ወረደ ማለት ነው።

ሣህለ ሥላሴ ከወለዷቸው ሴቶች ልጆች አንዲቱ ተናኘወርቅ ይባሉ ነበር። ተናኘ ማለት ወሬ ወይም ዝና ተናኘ እንደሚባለው በየቦታው ተዳረሰ ማለት ነው። የአያቲቱ ስም ወርቅ ሲዘንብ ያሳያል፤ የልጅ ልጂቱ ስም የዘነበው ወርቅ ሲዳረስ ያሳያል። ሁለቱ ስሞች ጐን ለጐን ሲነገሩ አንድ ንግግር ይሆናሉ።

፭. የተፈሪ መኰንን ልጆች

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ ለደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ጉዴሳ ተድረው በ1844 ዓ.ም. መኰንንን ወለዱ። እኒህ መኰንን በኋላ የሐረር ገዥ የሆኑት ራስ መኰንን ናቸው፤ ልጃቸውም ተፈሪ ነው። እንግዲህ የልጁን ስም እንደ ልማዱ ብንዘረዝረው ተፈሪ፣ መኰንን፣ ወልደ ሚካኤል፣ ጉዴሳ ይሆናል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ከሸዋ ነገሥታት አንድ ስም እንኳ አይገኝም። ተፈሪን ከሣህለ ሥላሴ ጋር የምታገናኘው የአባታቸው እናት ተናኘወርቅ ናት፤ እርስዋ ደግሞ ሴት በመሆኗ በአጠራሩ ውስጥ አትታይም።

ይህ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ይታወቃል። የዘውዲቱ ስም ሲዘረዘር ዘውዲቱ፣ ምኒልክ፣ ኃይለ መለኮት፣ ሣህለ ሥላሴ ይላል፤ ንግሥናው በስሙ ውስጥ ተጽፏል። ልጅ ኢያሱ ግን እንደ ተፈሪ ሁሉ በሴት በኩል የተወለዱ ናቸው፤ የአባታቸው ስም ሚካኤል ሲሆን ከምኒልክ የሚያገናኟቸው እናታቸው ሸዋረጋ ናቸው። በ1900ዎቹ ዓመታት ስለ ዙፋኑ በተደረገው ክርክር በሁለቱም ዘንድ ነገሩ የተመሠረተው በአንዲት ሴት ላይ ነበር። የመንዝ ገበሬ በርስት ሙግት ቅድመ አያቱን እንደሚጠራ ሁሉ፣ የዙፋን ተሟጋችም ሴት አያቱን መጥራት ነበረበት።

ተፈሪ ወይዘሮ መነንን በ1903 ዓ.ም. አገቡ። ከዚያ በፊት ከወይዘሮ አልታየች ሮማነወርቅ የተባሉ ሴት ልጅ ወልደው ነበር። ከመነን የመጀመሪያይቱ ልጅ በ1904 ዓ.ም. በሐረር ተወለዱ፤ ስማቸውም ተናኘወርቅ ተባለ። ይህ የአባታቸው የሴት አያት ስም ነው። ሕፃኒቱ የተወለዱት ከመንዝና ከአንኮበር እጅግ ርቆ በሐረር ከተማ ቢሆንም የተሸከሙት ስም የሸዋን ቤት የሚጠራ ነው። የክርስትና ስማቸው ፍቅርተ ማርያም ነበር።

ከዚህ በኋላ በሐምሌ ወር 1908 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ተወለደ። የዓለም ስሙ አስፋ ወሰን፣ የክርስትና ስሙ አምኃ ኢየሱስ ተባለ። ከላይ እንደ ተጻፈው አስፋ ወሰን የሣህለ ሥላሴ አያት ናቸው፤ አምኃ ኢየሱስም የአስፋ ወሰን አባት ናቸው። ሕፃኑ በሁለት ስም ሁለት የሸዋ ገዦችን ተሸከመ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፣ ዘውዲቱ ንግሥት ሆኑ፣ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ተባሉ።

ሁለተኛይቱ የመነን ሴት ልጅ የተወለዱት ከዚህ ለውጥ በኋላ ነው፤ ስማቸውም ዘነበወርቅ ሆነ። የፊተኛይቱ ስም ወደ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ሲያመለክት፣ የሁለተኛይቱ ስም ወደ ሣህለ ሥላሴ እናት፣ ወደ ሰላ ድንጋይዋ እመቤት ያመለክታል። ተናኘወርቅና ዘነበወርቅ ሲባል ንጉሡ በእናቱና በልጁ መካከል ይቆማል። በወርቅ ማለቃቸውም ከታላቅ እኅታቸው ከሮማነወርቅ ጋር አስተባብሯቸዋል፤ ነገር ግን የሮማነወርቅ አሠራር ከሁለቱ የተለየ ነው። ሮማነ ወርቅ በግእዝ አገባብ የወርቅ ሮማን ማለት ነው፤ ግሥ የለበትም፣ ወሬም አያወራም። የሁለቱ ስም ግን በግሥ የሚናገር የሸዋ አማርኛ ነው።

ከዚህም በኋላ የተወለዱት ወንዶች ልጆች ስም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። በ1917 ዓ.ም. የተወለደው በአያቱ ስም መኰንን፣ በ1923 ዓ.ም. የተወለደው በንጉሡ ስም ሣህለ ሥላሴ ተባለ። በመካከል በ1912 ዓ.ም. የተወለዱት ሦስተኛይቱ ሴት ልጅ ፀሐይ ተባሉ፤ ይህ ስም ከሌሎቹ መደዳ ወጣ ያለ ነው። የቀሩት ስሞች ግን ባንድነት ሲነበቡ የሸዋን ቤት የትውልድ ሐረግ ከአምኃ ኢየሱስ እስከ ራስ መኰንን ድረስ ይዘረዝራሉ። በአባት ስም ተራ ያልተገለጠው ዘር በልጆች ስም ተገለጠ። በዚህም ውስጥ ሁለቱን ሴቶች ቅድመ አያቶች ማንሣት የተቻለው በሴቶች ልጆች ስም ብቻ ነው፤ ለወንድ ልጅ ዘነበወርቅ የሚል ስም አይወጣምና።

አማርኛ ተናጋሪ ስለ ቅኔ ሰምና ወርቅ ይላል። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በመንዝ ተቀምጦ ያጠናውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲያሳትም ለመጽሐፉ ርእስ ያደረገው ይህንኑ አነጋገር ነው። የዘነበወርቅም ስም በዚህ ዓይን ሊታይ ይችላል። ለማያውቅ ሰው ሕፃን በመወለዷ የተደሰተ አባት ንግግር ነው። ትውልድ ለሚቈጥር የሸዋ ሰው ግን የርስት ማስረጃ ነው።

፮. የሁለተኛይቱ ልጅ ዕድል

ስም ወደ ኋላ ሲያመለክት ጋብቻ ወደ ፊት ያመለክታል። ዐፄ ምኒልክ ገና ንጉሥ ሳሉ ልጃቸውን ዘውዲቱን ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ድረው ነበር፤ ጋብቻውም የሸዋንና የትግሬን ቤት ለማስታረቅ የታሰበ ነው። አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ስለ ሞቱ ዘውዲቱ ወደ አባታቸው አገር ተመለሱ። ከግማሽ ምእት ዓመት ገደማ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው መንገድ ልዕልት ዘነበወርቅን ከዐፄ ዮሐንስ ዘር ለሚወለዱት ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ዳሩ። ልዕልቲቱ ገና ልጅ ነበሩ፤ ከጋብቻውም በኋላ ብዙ ሳይቈዩ በወጣትነት ሞቱ። ባላቸው በ1928 ዓ.ም. ጦርነት መጀመሪያ ወደ ኢጣሊያ ጦር ዞሩ። የሁለት ቤቶች ዕርቅ በእርሳቸው እንዲጸና የታሰበው ነገር ፍጻሜ አላገኘም።

ስማቸው ግን በሌላ ስፍራ ቀረ። በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራው ሆስፒታል በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ። በ1958 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ ስለ ሥጋ ደዌ ሕክምና የሚያስተምረውና የሚመራመረው አለርት የተባለው ድርጅት ተቋቋመ። ሕሙማኑና ቤተ ሰቦቻቸው በዙሪያው ስለ ሰፈሩ ሰፈሩ ሁሉ ዘነበወርቅ ተባለ። ዛሬም የታክሲ ረዳቶች ዘነበወርቅ እያሉ መንገደኛ ይጠራሉ። የሰላ ድንጋይዋን እመቤት የማያውቅ፣ ልዕልቲቱንም የማያስብ ሰው ስሙን በየቀኑ ያነሣዋል።

፯. ከሌላ ሕዝብ ጋር ማስተያየት

ከብሪታንያ ደሴት በስተምዕራብ የሚኖረው የዌልስ ሕዝብ በጥንት ዘመን የነበረው አጠራር ከኢትዮጵያው ጋር ይቀራረባል። ወንድ ልጅ በስሙና በአባቱ ስም መካከል አፕ የሚል ቃል ገብቶ፣ ሴት ልጅ ፈርኽ የሚል ቃል ገብቶ ይጠሩ ነበር፤ ትርጓሜያቸው የእገሌ ልጅ ማለት ነው። ዋናው ሰው አባት፣ አያትና ቅድመ አያት እያለ ወደ ላይ ይቈጥር ነበር። በ16ኛው ምእት ዓመት አገሩ በእንግሊዝ ሕግ ሥር ከተጠቃለለ በኋላ ግን ይህ አጠራር ቀስ በቀስ ጠፋ። አፕ ሪስ የነበረው ፕራይስ፣ አፕ ሃወል የነበረው ፓወል የሚል የማይለወጥ የቤተ ሰብ ስም ሆነ፤ ሴትም ስታገባ የባሏን ስም መያዝ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ የዌልስን ዘር ለማስታወስ ነጻ ሆኖ የቀረው ስፍራ ለልጅ የሚወጣው የመጀመሪያው ስም ነው። የመጨረሻው የዌልስ ልዑል የልዌሊን ልጅ ግዌንሊያን እ.ኤ.አ. በ1282 ተወልዳ ገና በጨቅላነቷ በእንግሊዝ ንጉሥ ትእዛዝ ከአገሯ ተወሰደች፤ ልጅ ወልዳ የልዑሉን ዘር እንዳትቀጥልም በሴምፕሪንግሃም ገዳም ተዘግታ እ.ኤ.አ. በ1337 ሞተች። ዘሯ በዚያ አበቃ፤ ስሟ ግን እስከ ዛሬ በዌልስ ሕፃናት ላይ ይወጣል። ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ፣ ቋንቋውንም የማይናገሩ የዌልስ ተወላጆች ለሴት ልጃቸው እንዲህ ያለ ስም ሲመርጡ የሚያደርጉት ነገር፣ ተፈሪና መነን በሐረር ለተወለዱት ልጃቸው የሸዋን ስም ሲያወጡ ካደረጉት ጋር ይመሳሰላል። በሁለቱም ዘንድ የቤተ ሰቡ መጠሪያ የማይናገረውን የሴት ልጅ ስም ይናገራል።

፰. ርስት ከቀረ በኋላ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ሰብ ስም እንዲኖረው ደነገገ። ሕዝቡ ግን በአባት ስም መጠራቱን አልተወም። ከዚህ ይልቅ ነገሩን የለወጠው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው። መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ከአቅኚ አባት በመወለድ የሚገኘው መብት ቀረ፤ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ሸንጎም ቅድመ አያትን እየጠሩ መሟገት አበቃ። ትውልድ የሚቈጠረው ለጋብቻ ብቻ ሆነ። ለሰባት ቤት የሚያስፈልገው ቈጠራ ደግሞ ለርስት ያስፈልግ ከነበረው ያነሰ ነው።

የስሞቹም ጠባይ ተለውጧል። በወርቅና በነሽ የሚያልቁት ስሞች በከተማ እየቀነሱ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከግእዝ የተወሰዱ አጫጭር ስሞች በዝተዋል። ቀድሞ በቤተ ክርስቲያን ብቻ ይጠራ የነበረው ግእዝ ወደ ዓለም ስም መጥቷል። በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ደግሞ የአባት ስም በመዝገብ ላይ እንደ ቤተ ሰብ ስም ስለሚቈጠር፣ እናትና ልጅ በስም የማይገናኙ ይመስላሉ። አንዳንድ ወላጆች የሴት አያትን ስም በልጂቱ ስምና በአባቷ ስም መካከል ያስገባሉ። በደጋው አገር በቃል ይነገር የነበረው የእናት ወገን እንዲህ ባለ መንገድ በጽሕፈት ቦታ ማግኘት ጀምሯል።

ከላይ ከተዘረዘረው ነገር የሚገኘው መደምደሚያ ይህ ነው። በሸዋ ደጋ የሴት ልጅ የዓለም ስም የወላጅ ደስታ መግለጫ ብቻ ሆኖ አልኖረም። ዘር በሁለት ወገን በሚቈጠርበት፣ ስም ግን በአባት ብቻ በሚሄድበት አገር፣ የተረሳችውን ሴት ለመጥራት የሚያስችል አንድ ክፍት ስፍራ እርሱ ነበር። በዚህ ስፍራ የንጉሥ ቤትም የገበሬ ቤትም ሊጠቀሙበት ይችሉ ነበር፤ የንጉሡ ቤት ስም በታሪክ መጽሐፍ ስለ ተጻፈ ተገለጠ፣ የገበሬው ቤት ስም ግን ከሽማግሎች ጋር ያልፋል። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሽማግሎች በርስት ሙግት ጊዜ ይቈጥሩት የነበረውን ትውልድ የሚያስታውሱ ሰዎች በሕይወት ሳሉ፣ የሴቶቹን ስም ከወንዶቹ ለይቶ መጻፍ በዚህ አገር ለሚመራመሩ ተማሪዎች የቀረበ ሥራ ነው።